ቅቤ ቀማሽ የጠፋበት ሁዳዴ

ሰቆጣ መናኸሪያ ውስጥ ድምፁ ከመኪና ጥሩምባ የሚበልጥ ተራ አስከባሪ አለ፤ ይስማው ይባላል። «ኮረም! ኮረም! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ ብቻውን ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ሰው ይሳፈራል። እንዲህ አንጀቱ እስኪበጠስ እየጮኸ የሚዋሽ ሰው ያሳዝናላ!

ሁለተኛው ዝናው የሱቅ ነው። ዘይት የት ረከሰ? ስኳር ማን ጋ ገባ? የትኛው ባለሱቅ ነው ሳሙና ሁለት ሲገዙ የሚቀንሰው? ይስማውን መጠየቅ ነው። ሱቅ በሦስት ነገር ይለካል ባይ ነው፤ በዋጋው፣ በዕቃው ዓይነትና በባለሱቁ ፊት። በእነዚህ በሦስቱ ከተማውን ከላይ እስከ ታች ሲያበጥር ተሳፋሪ መኪናው እንዳመለጠው እንኳ ይረሳል። እሱ ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ ዕውቀቱ አንድ ብር አትርፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ፓስታ በአምስት ብር የቀነሰበት ሱቅ አለ ቢሉት በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ ተመለሰ። ቤቱ ገብቶ ሲያስበው ፓስታው ከሥጋ ተወዷል። «ቢሆንም ሱቁን አይቸዋለሁ» አለና ብቻውን ሳቀ።

ስለ አንድ ሱቅ ብቻ ሲጠይቁት ግን ወሬ ያጥረዋል፤ ስለ ሐሊሜ ሱቅ። ሐሊሜና ባሏ ሙሄዲን ከመስጊዱ በታች ያለችውን ጠባብ ሱቅ የያዙት ገና ከተማው መብራት ሳይገባለት ነው። የይስማው ሚስት ጥሩሐረግ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ትዳር ከያዘች ጀምሮ ደንበኝነቷ ከሐሊሜ ጋር ነበር፤ ጨው እንኳ ከሌላ ቤት አትገዛም። ጥሩሐረግ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ከቀብሯ ወዲህ ይስማው የሐሊሜን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ለምን ሲሉት «እሷማ ትወደዳለች» ይላል። ዋጋዋን ጠይቆ አይደለም እኮ፤ ዝም ብሎ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሰው አንድያ ልጅ ፍቅርአዲስ ኒሯቅ ከተማ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። የበኩር ልጅ ደግሞ በሴቲቱ ወላጆች ቤት ነው የሚወለደው፤ የአገሩ ወግ ነው። እናት ልጇን ታርሳለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች። ችግሩ እናቲቱ የለችም፤ ያለው ይስማው ነው። ይስማው ገንፎ ቢያገነፋ ግንብ ይሠራበታል እንጂ አይበላም። ይህን የሚለው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ ነው።

የልጅቱ አማት ወይዘሮ እታገኝ ከኒሯቅ ደወሉ።

«አቶ ይስማው፣ እንዲያው ቅር እንዳይልዎት» አሉ። ቅር የሚያሰኝ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው። «ወንድ ብቻውን በሚኖርበት ቤት አራስ እንዴት ይሆናል? ልጅቱ እኔው ዘንድ ብትሆንስ?»

«ኧረ በጭራሽ! ቤቴ ሙሉ ነው! ምን ጎድሎ!» አለ ይስማው፣ ኮረምን በሚጠራበት ድምፁ። በዚያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁለት ራስ ሽንኩርትና ግማሽ እሽግ ፓስታ ነው።

«እንግዲያውስ ጥሩ» አሉ ወይዘሮ እታገኝ። «የፊታችን እሑድ ይዣት እመጣለሁ። የአራስ ቤት ሆኖ ካገኘሁት ትቼልዎት እመለሳለሁ። ካልሆነ መኪናው በር ላይ ይቆየኛል፣ ይዣት እመለሳለሁ። አይቀየሙኝ።»

ስልኩን ፍቅርአዲስ ተቀበለች። «አባየ፣ ከቤታችን ብወልድ ደስ ይለኛል» ብቻ አለች። ቤታችን አለች! አግብታ ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ይስማው ስልኩን ከዘጋው በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀረ። ልጁን እሑድ ዕለት በዚያ መኪና ተሳፍራ ስትመለስ ቢያያት እንደሚሞት ተሰማው።

በማግስቱ ሥራ ተጀመረ። ይስማው ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ! ማገዶ አስፈለጠ፣ የገብስ ዱቄት አስፈጨ፣ ተልባና አብሽ ገዛ፣ ነጭ ማር አስመጣ፣ ግድግዳውን አስለቀለቀ። በየሱቁ ተከራከረ፣ በየሱቁ አሸነፈ፣ ወይም ያሸነፈ መሰለው። የቀረው ቅቤ ነው። ቅቤ የሌለበት የአራስ ቤት ደግሞ ቤት አይደለም። ወሩ ሁዳዴ ቢሆንም ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የንስሐ አባት ይፈቅዱላቸዋል፤ የፍቅርአዲስም ፈቅደውላታል።

ቅቤ ላይ ይስማው አንድ ብልሃት መጣለት። በሁዳዴ ክርስቲያን ቅቤ አይነካም። ካልተነካ ይረክሳል። ከረከሰ ይስማው በርካሽ ይገዛል። «አይ ጭንቅላት!» አለ ራሱን በእጁ እየደባበሰ። ጭንቅላቱ ከላዩ መላጣ ነው፤ ከውስጡስ ምን እንደነበረ ኋላ ታየ።

በመጀመሪያ የገባው ከደግሰው ሚኒ ማርኬት ነው። የመስታወት በር፣ ነጭ መብራት፣ በየመደርደሪያው የተለጠፈ ዋጋ ያለው አዲስ ቤት ነው። ይስማው ስለዚህ ሱቅ ብዙ አውርቷል፤ ገብቶበት ግን አያውቅም። ቅርጫት ሰጡት። ቅርጫቱን እንደ ሚዜ በሁለት እጁ ወደ ፊት ይዞ በየመደርደሪያው ዞረ። መኮሮኒው ብቻ ስንት ዓይነት! ጠመዝማዛ አለ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለ አለ፣ በፊደል ቅርጽ የተሠራ አለ። ማንም አይገፋህም፣ ማንም «ትገዛለህ አትገዛም?» አይልህም። ይስማው በልቡ ለዓይነቱ ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ቅቤውንም አገኘው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በፕላስቲክ የታሸገ። ዋጋውን ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አነበበ።

ገንዘብ መቀበያው ላይ ወዳለችው ልጅ ሄደ። «የኔ ልጅ፣ በስንት ትሰጪኛለሽ?»

«የተለጠፈው ነው ጋሼ።»

«ማን ነው የለጠፈው?»

«ጋሽ ደግሰው።»

«ጥሪልኛ!»

«አዲስ አበባ ሄዷል።»

«እንግዲያስ አንቺው ትንሽ ቀንሺልኝ።»

«ኮምፒውተሩ እሺ አይልም ጋሼ።»

ይስማው ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ አየው። በዕድሜው ስንት ነጋዴ አሸንፏል፣ እንዲህ ያለ ፊቱ የማይፈታ ግን ገጥሞት አያውቅም። «ለአራስ እኮ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«ገና አልወለደችም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?» አለች ልጅቱ በቅንነት።

ቅቤውን መለሰው። ባዶ ቅርጫት መመለስ ግን አሳፈረውና አንድ ብስኩት ገዛ። ደጅ ወጥቶ ሊገምጠው ሲል ወተት ያለበት መሆኑን አየ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ሊያስቀምጠው ኪሱ ከተተው። ሱቁን እንዲህ ሲል ፈረደበት፤ ዓይነቱ ግሩም፣ ዋጋው ሽቅብ፣ ፊቱ ደግሞ መስታወት። ማንም እንደምን ዋልክ ሳይለው ገብቶ ማንም ሳይሸኘው ወጣ።

የገበያው ዕለት ወደ ቅቤ ተራ ወረደ። እዚያስ ቤቱ ነው! ጫጫታ አለ፣ ግፊያ አለ፣ ክርክር አለ። ሴቶቹ ቅቤያቸውን በቅልና በጣሳ ይዘው፣ በጉሎ ቅጠል ሸፍነው በረድፍ ተቀምጠዋል። ይስማው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተጎማለለ ሲያልፍ ሁለቱ በኽምጣና፣ በአገውኛቸው፣ «ይህ ባለባርኔጣ ሊገዛ ነው ወይስ ሲያሸት ሊውል?» ተባባሉ። ይስማው በዚያው በኽምጣና «ሊገዛ ነው» አላቸው። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አንዷ በዚያው በሳቋ ውስጥ ዋጋ ጠራች፤ ዋጋው የሚኒ ማርኬቱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይስማው ልቡ ዘለለ። ግን ቅቤ ሳይቀመስ አይገዛም። ጣቱን ወደ ቅሉ ሰደደ፣ ወደ አፉም አመጣ፤ ከንፈሩ ደጃፍ ሲደርስ ሁዳዴ ትዝ አለው። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። አሸተተው። ሃያ ዓመት ሙሉ የመናኸሪያ ጭስ የጠጣ አፍንጫ ምን ያሸታል? ቅቤውም ናፍጣ፣ ማሩም ናፍጣ፣ ሁሉም ናፍጣ ነው የሚሸተው።

ከቅቤ ተራው ጎን ስኳርና ቅመም የሚሸጠውን ከሪምን አየና ፊቱ በራ። ከሪም ሙስሊም ነው፤ ሁዳዴ አይመለከተውም!

«ከሪም! ና እስቲ ይህን ቅቤ ቅመስልኝ!»

ከሪም እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ጋሽ ይስማው፣ ረመዳን እኮ ነው!»

ወይ ጉድ! ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ይስማው ግራ ቀኙን ቃኘ። ሻጩ ጾመኛ፣ ገዢው ጾመኛ፣ ከማዶ የሚያየው ጾመኛ። በዚያን ቀን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቅቤ የሚቀምስ አፍ ጠፋ። ያ ቅቤ እንዲያ የረከሰበትም ምክንያት ይኸው የቀማሽ መጥፋት ነበር፤ ይስማው ግን ርካሽነቱን እንጂ ምክንያቱን አላየም።

«ራስዎ ላይ ይቀቡት» አለች ሻጪቱ። «ከቀለጠ ቅቤ ነው። ካልቀለጠ ብርዎን ይዘው ይሂዱ።»

ይህ ለይስማው ሳይንስ መሰለው። ባርኔጣውን አወለቀ። ሴቲቱ አንድ እፍኝ ሙሉ መላጣው ላይ አኖረችለት። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። ገበያተኛው ከበበው። ቅቤው ለስለስ አለ፣ ተንሸራተተ፣ በሁለቱ ጆሮዎቹ ሥር ወረደ፣ ወደ አንገቱ ገባ።

«ቀለጠ!» ብሎ ጮኸ ይስማው፤ መናኸሪያ ድረስ ተሰማ። እስቲ አሁን በዚያ ፀሐይ የማይቀልጥ ምን ነገር አለ? ሻማ ቢያደርጉበትም ይቀልጥ ነበር። እሱ ግን ቅሉን እንዳለ ገዛው፤ ሴቲቱ ምርቃት ብላ ከጣሳው ጨመረችለት፣ ይህም ደግነቷን አረጋገጠለት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ዝንብ እንደ አጃቢ ተከትሎታል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ የንስሐ አባቱ ከፊት ለፊቱ መጡ። የሚያብለጨልጭ ራሱን አዩ።

«ይስማው! በሁዳዴ?»

«በአፌ አልገባም አባ! በእናቴ አጥንት በአፌ አልገባም!»

አባ አማተቡና አለፉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይስማው ቅቤውን ሊያነጥር ድስት ጣደ። ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ኮሰረቱን ከሚስቱ የቅመም ጣሳዎች እያሸተተ፣ ማለትም እየገመተ፣ ጨመረ። ድስቱ ተንጨረጨረ። ቆይቶ ለናፍጣ አፍንጫው እንኳ የሚደርስ ሽታ ቤቱን ሞላው። የቅቤ ሽታ አልነበረም። ጎረቤቱ በአጥር ብቅ አለችና «ጋሽ ይስማው፣ ቦንቦሊኖ ጀመርክ እንዴ?» አለችው። ድስቱን አወረደው። ሲበርድ ነጭ ሆኖ፣ ደርቆ ቁጭ አለ። የረጋ ዘይት ነው፤ ከላይ ለወጉ ቅቤ የነካካው የረጋ ዘይት። ማንኪያ ቢሰካበት ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

መጀመሪያ ሳቀ። «አንድ ሰው የቀረው እያልክ ባዶ መኪና ስትሸጥ የኖርክ ሰውየ፣ ቅቤ ሻጯ አገኘችህ!» አለ። «ከሷ ጋር ተራ ብንይዝ እሷ ናት የምታስከብረው!» ብሎ ራሱን እየተሳደበ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። ነገ እሑድ ነው። ወይዘሮ እታገኝ ይህን ድስት ሲከፍቱ ታየው። ፍቅርአዲስ አንገቷን ደፍታ መኪና ስትገባ ታየው። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። እውነትም የእናት ቤት አልሆነልኝም፣ ብሎ አሰበ፤ አምኖ አሰበው።

ከተማው ውስጥ ቀሪው ሱቅ አንድ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ገባች፣ አዛን ተሰማ፣ ከየቤቱ የሾርባ ሽታ ወጣ። ይስማው በሐሊሜ ሱቅ በኩል አንዴ አለፈ፤ ተመልሶም አለፈ። እግሩ ከደጃፉ ሲደርስ ይፈጥንበታል። በሦስተኛው ሐሊሜ ከውስጥ ሆና «አንተ ይስማው፣ ግባ እንጂ! ጥበቃ ቀጠሩህ እንዴ?» አለችው።

ገባ። ሱቋ ያው ናት፤ ጠባብ ናት፣ ጨለም ያለች ናት፣ መኮሮኒው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሐሊሜ ገና ማፍጠሯ ነበር፤ ቴምር በሳህን ዘርግታለች። አንድ ቴምር ሰጠችውና የስኳር ከረጢት ላይ አስቀመጠችው። ሙሄዲን ለሶላት መስጊድ ሄዷል።

ይስማው የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ ኮምፒውተሩን፣ ከሪምን፣ መላጣውን፣ ቦንቦሊኖውን። ሐሊሜ መላጣው ላይ ሲደርስ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። «ወላሂ፣ ትንፋሼን ልትቆርጠው ነው! ወላሂ ሰው በመላጣው ቅቤ ሲፈትን ሰምቼ አላውቅም!» እሱም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ የፈራው መጣ።

«ትወደዳለች ትለኛለህ አሉ» አለች ሐሊሜ።

ይስማው የቴምሯን ፍሬ በእጁ አገላበጠ። «አፌ ነው ሐሊሜ። ዋጋሽን መች ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን አድርጌህ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታህን ከመንገድ ማዶ ነው የምትወረውርልኝ። እኔ እኮ ጓደኛዬን ነው የቀበርኩት። አብሮኝ የሚያነሳት ሰው አጣሁ።»

«ስሟን ትጠሪብኛለሽ ብዬ ነው» አለ ይስማው። «ገና ስገባ ጥሩሐረግ ልትይ ነው፤ እኔ ደግሞ በገበያ መሀል ላለቅስ ነው። ይስማው አለቀሰ ከሚባል ሐሊሜ ተወደደች ይባል ብዬ ነው።»

«አልቅስ! ማን ከለከለህ?» አለች ሐሊሜ፤ የሷም ድምፅ ተሰብሯል። «ትናፍቅሃለች?»

መናኸሪያ የሚሞላው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ናፈቀችኝ» አለ፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ፤ ከዚያም እንደ ልጅ አለቀሰ። አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ መጥታ አይታው ቀስ ብላ ተመለሰች። ሐሊሜ ዝም አላስባለችውም። ሲበቃው ተነስታ ከኋላ ካለው ሸክላ ቅቤ አወጣችና መዘነችለት፤ ከመዘነችው በላይ አንድ ጭልፋ ሙሉ መረቀችለት።

«ይህ ጥሩሐረግ የምትወስደው ነው። ከሰሃላ የምታመጣልኝ ሴት ያችው የድሮዋ ናት» አለች። «አንተ እንዳታነጥረው! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ድስት እንዳትነካ። ጠዋት እኔው መጥቼ አነጥረዋለሁ።»

ይስማው እጁ የገባለትን ብር ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ሐሊሜ የሚገባትን አንስታ የቀረውን መለሰችለት። ሳያየው ኪሱ ከተተው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሚኒባሱ ደጃፍ ቆመ። ሐሊሜ በማለዳ መጥታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ዕቃውን አጥባ፣ የይስማውን ድስት ለዘይት ማስቀመጫ ይሁን ብላ አግልላ፣ ሱቋን ልትከፍት ሄዳለች። ወይዘሮ እታገኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ፍቅርአዲስ ሆዷን ደግፋ ተከተለቻቸው፤ ሻንጣዋን ግን ሹፌሩ ጋ ነው የተወችው። ይስማው ይህን አየ።

ወይዘሮ እታገኝ ቤቱን ዞሩት። መደቡን በእጃቸው ተጫኑ፣ ዱቄቱን በጣታቸው አሹ፣ ማሩን ከፍተው አዩ። ይስማው ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል፤ ባርኔጣውን በእጁ እየጨመቀ ቅርጹን አጥፍቶታል። በመጨረሻ የቅቤውን ማሰሮ ከፈቱና ሽታውን ሳቡ። ዓይናቸውን ከደን አደረጉ።

«ሽታው ደኅና ነው» አሉ። «ግን በአሁን ጊዜ ሽታ ምን ይታመናል? በጾም ማን ይቀምሰዋል?»

«እኔ» አለች ፍቅርአዲስ። «ተፈቅዶልኝ የለ እንዴ?»

ጣቷን አስገብታ ቀመሰች። ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለተኛ ቀመሰች። ከዚያ ማሰሮውን ሁለት እጇን አድርጋ ያዘችው።

«አባየ፣ ይህ የእማየ ቅቤ ነው። ከየት አመጣኸው?»

«ከሐሊሜ።»

«በስንት ገዙት?» አሉ ወይዘሮ እታገኝ፤ እሳቸውም ቅቤ ገዢ ናቸውና ለወጉ ጠየቁ።

ይስማው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ትናንት ማታ የሆነውን ሁሉ አስታወሰ፤ ቴምሩን፣ ከረጢቱን፣ ጭልፋውን። ዋጋ የሚባል ነገር ግን የትም አላገኘም። የሰቆጣን ሱቅ ሁሉ በየብሩ የሚያውቀው ሰው ቆሞ ዓይኑን አንከራተተ።

«እንጃ» አለ። «አልጠየቅሁም።»

«አልጠየቁም?» ወይዘሮ እታገኝ ደነገጡ። ዝናውን ኒሯቅ ድረስ ሰምተዋላ!

ፍቅርአዲስ ግን የዋጋውን ወሬ አልሰማችም። አባቷን ነበር የምታየው። «ሐሊሜ ጋ ገባህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ገባሁ።»

«ስለ እማየ ጠየቀችህ?»

«ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

ይስማው መደቡ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኖረ። «ናፈቀችኝ አልኳት» አለ።

ፍቅርአዲስ ማሰሮውን እንዳቀፈች መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «እኔንም እኮ ናፍቃኛለች» አለች። «አንተ ስለማታነሳት እኔም ፈርቼህ ነው አባየ። እዚህ ቤት ገብቼ ስሟን ሳልጠራ እንዴት እወልዳለሁ እያልኩ ነበር።» አባትና ልጅ በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ጥሩሐረግን አለቀሱላት።

ወይዘሮ እታገኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም። ቀጥለው አወለቁትና ከምስማሩ ላይ ሰቀሉት። «ገንፎውን ማን ያገነፋል?» አሉ በቁጣ። «እርስዎ? ኧረ ለሕፃኑ ይዘኑለት! የመጀመሪያውን ሰሞን እኔም እዚሁ ነኝ። ያቺ ሐሊሜ የምትሏትንም ጥሩልኝ፤ በዚህ ቅቤ ነገር የምንነጋገረው አለን።»

ከደጅ ጥሩምባ ተነፋ። ሹፌሩ ቸኩሏል፤ ወደ ኒሯቅ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ይስማው ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወጣና ሻንጣውን ከመኪናው አወረደ።

«ጋሽ ይስማው፣ የመልስ ተሳፋሪዎቼስ?» አለ ሹፌሩ በመስኮት።

ይስማው ሊጮህ ደረቱን ነፋ። ዕድሜውን ሁሉ መኪና ሲሸኝ የኖረ ሰው ነው፤ ያ ድምፁ ግን እንቢ አለው። «ሂድ» አለ ሻንጣውን አቅፎ። «ደርሰዋል።»